ዜሮ የሰጠሁት ሰው

ሰመራ ውስጥ ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ «አንጎል እንዴት እንደሚያይ፣ እንደሚሰማና እንደሚያስታውስ አጠናለሁ» ብዬ ደረቴን ነፍቼ የምመልስባቸው ዓመታት ነበሩ። አሁን «አስተማሪ ነኝ» ብዬ አልፋለሁ። ሎጊያ ምሳ የምበላበት ምግብ ቤት ባለቤት የወሎ ሰው ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሥራዬን ሲሰማ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና «ወላሂ ዶክተር፣ እስቲ አሁን እኔ ምን እያሰብኩ ነው?» አለኝ። ዓይኑ ያልነካሁት ሳህን ላይ ነበርና «ምግቡን ለምን እንዳልበላሁ» አልኩት። ከት ብሎ ሳቀ። በሙያዬ ያለ ጥርጥር ልክ የሆንኩበት ቀን እሱ ብቻ ይመስለኛል።

ፕሮጀክቱን ያመጡት ፕሮፌሰር ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን እየመጡ፣ ሁለት ቀን አድረው፣ ሙቀቱን ረግመው የሚመለሱ ሰው ነበሩ። ጥናቱ የጅቡቲን መንገድ ስለሚመላለሱ የከባድ መኪና ሾፌሮች ነው፤ ስለ ትኩረታቸው፣ ስለ ዓይናቸው ፍጥነት፣ ስለ ማስታወስ ችሎታቸው። አንድ የጭነት ድርጅት ሾፌሮቹን ሊልክልን፣ ሎጊያ ካለው ግቢውም አንድ ክፍል ሊፈቅድልን ተስማማ። በምላሹ የፈለገው ለእያንዳንዱ ሾፌር አንድ ገጽ ወረቀት ነበር፤ «መሪ ለመያዝ ብቁ ነው» ወይም «አይደለም» የሚል፣ በእኔ ፊርማ። እንዲህ ያሉ ፈተናዎች ብዙ ሰዎችን በጅምላ ለማወዳደር እንጂ አንድን ሰው ከእንጀራው ለማፈናቀል እንዳልተሠሩ ሁለታችንም እናውቃለን። ግን ፕሮፌሰሩ ያለ ልመና ተሳታፊ የሚገኝበት ጥናት በሕልማቸውም አላዩም። እኔም ዶክትሬቴን ከያዝኩ ወዲህ ይኸው ብዬ የማሳየው ነገር አልነበረኝም። እሺ ለማለት ደቂቃ አልፈጀብንም።

ክፍሉ ከኮንቴይነር የተሠራ ነበር። አየር ማቀዝቀዣ አለው፣ መብራት ሲኖር። መብራት ሲጠፋ የአንጎልን ሞገድ የሚቀዳው ቆብ፣ በሽቦ የተሞላ የዋና ኮፍያ በሉት፣ በሾፌሩ ላብ ይርሳል፤ ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ላይ የሚንቀጠቀጠው መስመር የአንጎል ሳይሆን የላብ ነው። ቆቡን የሠሩት ሰዎች ደግሞ የአፋር ጎፈሬ አይተው አያውቁም። ያንን ጥቅጥቅ ያለ ጸጉር እየሰነጠቅሁ ሽቦዎቹን ከራስ ቆዳ ጋር ለማገናኘት ስታገል ሾፌሮቹ በትዕግሥት ይመለከቱኛል። አንዱ እንዲያውም ማበጠሪያውን ከጸጉሩ ነቅሎ ሰጠኝ። ለፕሮፌሰሩ በምልከው ወርኃዊ ሪፖርት ላይ ግን «መረጃው በተሳካ ሁኔታ ተሰብስቧል» የምትል ዓረፍተ ነገር ጎድላ አታውቅም።

ቆቡ እምቢ ሲል የሚቀረን በቃል የሚሠራው ነበር፤ ከእሱም ፕሮፌሰሩ የሚመኩበት የማስታወስ ፈተና። ነገሩ ቀላል ነው። ለተፈታኙ አጭር ታሪክ ይነበብለታል፣ ሌላ ነገር ሲሠራ ይቆያል፣ ከዚያ ታሪኩን መልሶ እንዲናገር ይጠየቃል። ላስታወሰው ለእያንዳንዱ ነገር ነጥብ ያገኛል። ታሪኩን የጻፉት ራሳቸው ፕሮፌሰሩ ናቸው። አንዲት የቢሮ ጸሐፊ ሐሙስ ጠዋት በዝናብ አውቶቡስ ትሳፈራለች፣ ጃንጥላዋን ረስታ ትወርዳለች፣ ትኬት ቆራጩ ለፖሊስ ያስረክባል፣ ፖሊሱ እጀታው ላይ የተጻፈውን ስም አይቶ ጸሐፊዋን ያገኛታል። ጃንጥላ፣ ለዝናብ፣ ሎጊያ ውስጥ። ይህን «ከባህል ነጻ የሆነ ይዘት» ብለው ሰየሙት። እኔም ሳልስቅ ተየብኩት።

ወደ አፋርኛ የሚተረጉምልኝ ረዳት ነበረኝ፤ ረጅም ዘመን በጤና ጣቢያ የሠራ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ የአፋር ሰው። እዚህ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውምና አንተ ነበር የምንባባለው። ጎበዝ መሆኑን በመጀመሪያው ቀን አየሁ፤ በሁለተኛው ቀን ሥልጠና ብዬ አበላሸሁት። የተባለውን ብቻ ተርጉም፣ ከራስህ ምንም አትጨምር፣ አታብራራ፣ አስተያየት አትስጥ፣ ሳይንስ እንዲህ ነው የሚሠራው አልኩት። ፊቴን አየና እሺ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዲት ቃል ከራሱ አልወጣችም።

ያ ሾፌር የመጣው ጥናቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው። አርባን ያለፈ አፋር፣ ቤቱ አዋሽ፣ የአምስት ልጆች አባት። ከጅቡቲ ድንበር፣ ከገላፊ ሲመለስ መንገድ ውስጥ የገባች ግመል ላለመግጨት መኪናውን ከአስፋልቱ አውጥቶ ራሱን ተመትቷል። ግመሏም እሱም ተርፈዋል። ሐኪም ቤት ምንም የለህም ተብሏል። ድርጅቱ ግን የእኛን ወረቀት ሳላይ መሪ አላስይዝህም አለው። ስለዚህ ወደ ኮንቴይነራችን ሲገባ ምን ይዞ እንደገባ አላወቅሁም ነበር ልል አልችልም። ገና ሳይቀመጥ በአማርኛ ነግሮኛል፤ ከመሪ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም፣ ልጆቹን የሚያበላው በእሱ ነው።

የዓይንና የእጅ ፈተናዎቹን እንደ ጨዋታ ጨረሳቸው። ስክሪኑ ጥግ ላይ ብልጭ የምትለዋን ነጥብ የት እንደምትወጣ ከማውቀው ከእኔ ቀድሞ ያያታል። ቀጥሎ ታሪኩ በአፋርኛ ተነበበለት። መሬት መሬቱን እያየ እስከ መጨረሻው በጸጥታ ሰማ። የመቆያው ጊዜ አልፎ በል ድገምልን ሲባል ግን መልሶ ጠየቀ። ረዳቴ ተረጎመልኝ።

«ይህን ያየው ማን ነው?»

ማንም አላየውም፣ ዝም ብሎ ታሪክ ነው፣ እሱን ብቻ ይናገር በልልኝ አልኩ። ረዳቴ እንደዚያው አለው። ሾፌሩ ሴትዮዋ የየት አገር ሰው እንደሆነች፣ ለእኔስ ማን እንደነገረኝ ጠየቀ። እኔ ሰዓቴን እያየሁ ነበር። ውጭ ሌሎች ሾፌሮች ተሰልፈዋል፣ መብራቱም መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅም። ሴትዮዋ የለችም፣ ማንም አልነገረኝም፣ እውነት አይደለም አልኩ። ሰውየው ለረዳቴ አጭር ነገር ተናገረ።

«የምናገረው የለኝም ይላል» ብሎ ተረጎመ ረዳቴ።

ዜሮ ጻፍኩ። ቀጥሎ መመሪያው ለዜሮ ያዘጋጀውን ቃል ገለበጥኩ፤ «የማስታወስ ችሎታው በእጅጉ ተጎድቷል።» ፕሮፌሰሩ በስልክ ሲሰሙ ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው። ራሱን ተመቷል፣ ሌላው ሁሉ ደህና ነው፣ ማስታወሱ ብቻ ጠፍቷል፤ ለተማሪ ማስተማሪያ የሚሆን ንጹሕ ማስረጃ ነው አሉኝ። ይህ ሰው አዋሽ ድረስ ያለ ካርታ የሚነዳ፣ የአምስት ልጆቹን የልደት ቀን በቃሉ የነገረኝ መሆኑ አንዳችንንም አላስጨነቀንም። ወረቀቱን ፈርሜ ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ አስረከብኩ። ሳምንት ሳይሞላ መኪናው ለሌላ ሾፌር ተሰጠ።

ውጤቱ ተሰብስቦ ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ነገር ታየ። ከደጋ የመጡት ሾፌሮችና የወሎዎቹ ጃንጥላዋን እስከ እጀታዋ ሲመልሱ፣ ከአፋሮቹ አብዛኞቹ ወድቀዋል። ቅንጣት የማሰብ ልማድ ያለው ሰው እዚህ ላይ ፈተናውን ይጠረጥራል። እኛ ሰዎቹን ጠረጠርን። ፕሮፌሰሩ ሙቀት፣ የውሃ ጥም፣ ትምህርት ቤት አለመግባት እያሉ ምክንያት ደረደሩ። እኔ የተደረደረውን አሳምሬ ጻፍኩ፤ ለዚህ ለዚህ እጄ ፈጣን ነው።

ሰመራ በተደረገ ዐውደ ጥናት ላይ ፕሮፌሰሩ ውጤቱን ሲያቀርቡ ንግግራቸውን የከፈቱት በዳጉ ነበር። እዚህ ያለ ዳጉ የሚከፈት ስብሰባ አላጋጠመኝም። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ የቱንም ያህል ቢቸኩሉ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን እንደሚለዋወጡ፣ ወሬው በዚህ መንገድ በረሃውን ከስልክ ቀድሞ እንደሚያቋርጥ አወሩ። አዳራሹ አጨበጨበ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ስላይድ አለፉና አፋሮች የሰሙትን ማስታወስ እንደሚቸግራቸው አስረዱ። አዳራሹ ለዚህም አጨበጨበ። ስላይዱን የምቀይርላቸው እኔ ነበርኩ።

ከወራት በኋላ ለሁለተኛው ዙር ከረዳቴ ጋር አዋሽ ሄድን። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ከባድ መኪኖች ከሚያድሩበት ግቢ አጠገብ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠናል። ያ ሾፌር ከግቢው በር ላይ ቆሟል። የግቢው ጠባቂ ሆኗል፤ ሌሎች የሚነዷቸውን መኪኖች ይጠብቃል። አየኝ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም አለኝ። ቂም የያዘ አይመስልም። እኔም በልቤ «ምስኪን፣ ማን እንደሆንኩ ረስቷል» አልኩ። እውነቴን ነው፣ እንዲህ ብዬ አሰብኩ።

በዚህ መካከል አንድ ሽማግሌ ከገዋኔ በኩል ከመጣ መኪና ወረዱ። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያያዙ፣ ተሳቢ ጥላ ሥር ተቀመጡና ዳጉ ጀመሩ። አንዱ ሲናገር ሌላው በአጭር ድምፅ እየተቀበለ ያዳምጣል፤ ሲጨርስ ተራው ይዞራል። ጊዜ እንዲያልፍልኝ ብዬ ረዳቴን ምን እያሉ ነው አልኩት።

እንዳሠለጠንኩት አድርጎ ተረጎመ። ሾፌሩ ጠዋት የገቡትን መኪኖች፣ ጎማ የፈነዳበትን፣ የታመመውን ሰው፣ ዝናብ ዘንቧል የተባለበትን ቦታ፣ ይህን ማን እንዳየና ማን እንደነገረው እየለየ ተናገረ። ቀጥሎ ወደ እኔ መጣ። ያ በረንዳው ላይ ያለው ሰው ሎጊያ ውስጥ ራሴ ላይ ሽቦ ያሰረው ነው አለ። ያን ቀን የለበሰው ሰማያዊ ሸሚዝ ነው፣ የግራ ኪሱ ላይ የእስክሪብቶ ቀለም ፈሷል፣ እያወራኝ ሦስት ጊዜ ሰዓቱን አይቷል። ስለ አንዲት ሴት ነገረኝ አለ። ከዚያ ሐሙሱ መጣ፣ ዝናቡ፣ አውቶቡሱ፣ ጃንጥላው፣ ትኬት ቆራጩ፣ ፖሊሱ፣ እጀታው ላይ የተጻፈው ስም። አንድም አልጎደለም። ሲጨርስ ሽማግሌውን አስጠነቀቃቸው።

«ይህን ያየ ሰው የለም። የተናገረው ራሱ እውነት አይደለም ብሎኛል። ከአንተ አይለፍ።»

አፈርኩ። በሕይወቴ እንዲያ አፍሬ አላውቅም፤ ወዴት እንደምመለከት ጠፋኝ። ረዳቴን ይህን ነገር ታውቅ ነበር ወይ አልኩት። አውቅ ነበር አለ። ዳጉ ላይ ውሸት ያሳለፈ ሰው በሽማግሌ ፊት ይጠየቅበታል፤ አንተ ደግሞ እውነት አይደለም ብለህ ነግረህ በእሱ አፍ እንዲያልፍ ጠየቅከው አለኝ። ታሪክህን የደገሙልህ ጥቂት አፋሮች እንኳ አንተን አፍረው ነው አለ። ለምን አልነገርከኝም ስለው ሻዩን አስቀመጠ።

«አትጨምር አልከኝ» አለ።

እኔ ያደግሁት አስተማሪ ያለውን መልሶ ለአስተማሪ የሚሰጥ ልጅ ጎበዝ ተብሎ በሚጨበጨብለት ትምህርት ቤት ነው። ዓባይ ይህን ያህል ርዝመት አለው ሲባል ይህን ያህል ርዝመት አለው ብለን ጮኸናል፤ ማን ለካው ያለ አንድም ልጅ አላስታውስም፣ ብሎም ቢሆን ተንበርክኮ ይውል ነበር። ዶክትሬቴንም ያገኘሁት በዚሁ ችሎታ ነው። ስለዚህ ምንጩን ሳይጠይቅ የማይናገር ሰው ፊቴ ሲቀመጥ አንጎሉ የተጎዳ መሰለኝ።

በዚያው ቀን ሾፌሩን ጠርቼ ደግሜ ፈተንኩት። አሁን የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኮንቴይነር ውስጥ እኔ የነገርኩህን፣ እውነት አይደለም ማለቴንም ጨምረህ፣ ለረዳቴ በዳጉ ንገረው። ሙሉ ነጥብ አገኘ፤ ሠንጠረዡ ላይ ቦታ የሌለው ብዙ ነገርም ተረፈ። አዲስ ወረቀት ጻፍኩ፣ የፊተኛው ስህተት መሆኑን ገልጬ ፈረምኩ፣ ለሰውየውም ድርጅቱ ዘንድ እወስደዋለሁ አልኩት። ፊቱ ላይ የታየውን ተስፋ አየሁት። ባላየሁት ይሻለኝ ነበር።

ለፕሮፌሰሩ ደወልኩ። አንድ ሰው ጥናት አያፈርስም፣ ደግሞ ጽሑፉ ታትሟል አሉ። አንድ ሰው አይደለም፣ የአፋሮቹ ውጤት በሙሉ ዋጋ የለውም ስላቸው ኔትወርክ እየተቆራረጠ ነው አሉኝ። ድምፃቸው ጎኔ የተቀመጡ ያህል ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።

ሎጊያ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ቀስ ብሎ አነበበና ቀና አለ።

«ሁለቱም ላይ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው ዶክተር። የቱን ልመን?»

ሁለተኛውን አልኩ። እንግዲያው መጀመሪያ ተሳስተዋል፣ አሁን ላለመሳሳትዎ ማን ዋስ ይሆነኛል አለኝ። መኪናው ሾፌር አግኝቷል። ደግሞ አንጎሉ ተጎድቷል ተብሎ በዶክተር የተጻፈበትን ሰው መሪ አስይዞ ነገ አንድ ነገር ቢደርስ ተጠያቂው እሱ ነው። የፊተኛው ወረቀት ከፋይሉ አይወጣም፤ አዲሱም አብሮ ይቀመጣል፤ ወደፊት ይታያል። ክፉ ሰው አልነበረም። ያናደደኝም ይኸው ነው፤ የተናገረው ሁሉ ልክ ነበር። ከዐውደ ጥናቱ አዳራሽ ሙሉ ሰው ይልቅ ሥራዬን በሚገባው መጠን የናቀው ይህ ሰው ነው።

ወሬውን ለሾፌሩ በስልክ መናገር ይቻል ነበር። በስልክ ብናገር ኖሮ እኔም ኔትወርክ ይቆራረጥብኝ ነበር፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ረዳቴን ይዤ አዋሽ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ ንግግር አዘጋጀሁ፤ ስለ ፈተናው ደረጃ፣ ስለ ትርጉም ችግር፣ በሙያው ስለሚታወቁ ውስንነቶች። ረዳቴ ገዋኔን እስክናልፍ ሰማኝና ይህን ሁሉ ተወው፣ ያየኸውንና ያደረግከውን ብቻ ንገረው አለኝ። ሳይጠየቅ የተናገረው ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሾፌሩ ከሌላ ጠባቂ ጋር ተሳቢ ጥላ ሥር ነበር። ተቀመጥኩ።

«እንደማታስታውስ አድርጌ ጻፍኩ። የጻፍኩት ሳላውቅ ነው። በዚያ ወረቀት መኪናህን ወሰዱብህ። ስህተቴን ጽፌ ወሰድኩላቸው፣ አልተቀበሉኝም» አልኩት።

ማንን እንዳነጋገርኩ ጠየቀኝ። ሥራ አስኪያጁ ሁለቱንም ወረቀት በዓይኑ እንዳየ፣ ምን ምን እንዳለ፣ በዚያ ሰዓት ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ እንደነበረ ጠየቀኝ። አንድ በአንድ መለስኩ። ቢሰድበኝ በወደድኩ ነበር። መልሴ ሲያልቅ ወደ ጎረቤቱ ዞረና የነገርኩትን በአፋርኛ አወራለት። ረዳቴ በጆሮዬ ይተረጉማል። ሰውየው አልሰደበኝም፣ አላዘነልኝም፣ «ሳላውቅ» ያልኳትንም አላስቀራትም።

በሳምንቱ ሚሌ ጎማ ላስጠግን ቆምኩ። ጎማውን የሚሠራውን አፋር አይቼው አላውቅም። እየሠራ ቀና ብሎ አየኝና «ሳያውቅ የጻፈው ሰው አንተ ነህ?» አለ በአማርኛ። ነኝ አልኩት። ሁለቱን ወረቀቶች፣ ጎን ለጎን መቀመጣቸውን፣ ሥራ አስኪያጁ የጠየቀኝን፣ እኔ የመለስኩትን በራሴ ቃላት ነገረኝና ልክ መሆኑን ጠየቀ። ልክ ነው አልኩት።

«ከዚያስ መኪናውን መለሱለት?»

ነገ ለሚያገኘው ሰው የሚናገረው እኔ የምሰጠውን መልስ ነው፤ እጁን ከጎማው ላይ አንስቶ ይጠብቃል።

«አልመለሱለትም» አልኩት።